የሁለት ጥማድ ጥሪት፦ የጃቫ ገጠር ገበሬ ኑሮና የንብረት ተስፋ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በምሥረታ በዓል ቀን የተሠራውን ሥራ መቁጠር የተለመደና ተገቢም ነው። ይህ ንግግር ግን በሩቅ አገር ስለሚኖር አንድ ገበሬ ነው። ይህ ገበሬ የጃቫ ገበሬ ነው። ጃቫ የሚለው ስም ለቡና አምራች ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በየመን በኩል የተሻገረው ቡና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሆላንዶች እጅ ጃቫ ደርሷል። ከ1830 ጀምሮም የቅኝ ገዢው መንግሥት የጃቫ ገበሬ መሬቱንና ጉልበቱን ለቡና፣ ለሸንኮራ አገዳና ለመሳሰሉት የውጭ ገበያ ሰብሎች እንዲያውል አስገድዶታል። ገበሬው ያመረተው ብዙ ሆኖ ሳለ ለራሱ የተረፈው ግን ጥቂት ነበር።

ዛሬ በዚህ መድረክ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ሁለት ጥማድ ወይም ከዚያ ያነሰ መሬት ያለው የጃቫ ገበሬ ለልጆቹ ምን ጥሪት ሊያቆይ ይችላል? ጥሪቱንስ የሚያጣው በምን መንገድ ነው? መልሱ መሬት ለጠበባቸው ገበሬዎች ሁሉ፣ በተለይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ይጠቅማል።

ደሴቲቱና መንደሩ

ጃቫ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች አንዷ ናት። ስፋቷ 130,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ይህም ከአማራ ክልል እንኳ ያነሰ ነው። በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በዚህች ደሴት ላይ 151.6 ሚሊዮን ሕዝብ ተመዝግቧል። ይህ ማለት በአማካይ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ከ1,100 በላይ ሰው ይኖራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሕዝብ መሬቱ ሊሸከም የቻለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ለም አፈር ሲሆን ሁለተኛው ውሃ ነው። ውሃ በሚደርስበት ማሳ ሩዝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንድ ቦታም ሦስት ጊዜ ይታጨዳል።

የአንድ የጃቫ መንደር መሬት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሳዋህ የሚባለው በውሃ የሚለማ የሩዝ ማሳ ነው። ሁለተኛው ተጋላን የሚሉት በዝናብ ብቻ የሚዘራ ደረቅ እርሻ ሲሆን በቆሎና ካሳቫ ይበቅልበታል። ሦስተኛው ፐካራንጋን የሚባለው በቤት ዙሪያ ያለ ጓሮ ነው። በጓሮው ኮኮናት፣ ሙዝና ፓፓያ ይተከላል፤ ዶሮና ፍየልም ይረባል። ለደሃ ቤተሰብ ይህ ጓሮ የየዕለቱ ወጥና የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። በብዙ መንደሮች ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል ኡሉ-ኡሉ የሚባል ሰው አለ። ሥራው በባህላዊ የመስኖ እርሻ አካባቢዎች የውሃ አባት ከሚባለው ሰው ሥራ ጋር ይመሳሰላል።

የእርሻው ስሌት

በኢንዶኔዥያ ከግማሽ ሄክታር በታች የሚያርሰው ገበሬ ፐታኒ ጉረም ይባላል። ጉረም ማለት የዶሮ ቅማል ማለት ነው። ስሙ ራሱ የመሬቱን ትንሽነት ይናገራል። በ2013 በተደረገው የግብርና ቆጠራ በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉ አባወራዎች 14.25 ሚሊዮን ነበሩ። በ2023 ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 16.89 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። አብዛኞቹም የሚገኙት በጃቫ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር የሩዝ ማሳ የሚያርስ ባለ አራት ሰው ቤተሰብ እንውሰድ። በጃቫ በሄክታር ከ50 ኩንታል በላይ ያልተፈለፈለ ሩዝ ማግኘት የተለመደ ነው። በሄክታር 54 ኩንታል ቢገኝ ከአንዱ ጥማድ በአንድ ወቅት 13 ኩንታል ተኩል፣ በሁለት ወቅት ደግሞ 27 ኩንታል ይታፈሳል። መሬቱ የራሱ ካልሆነና የእኩል የሚያርስ ከሆነ 13 ኩንታል ተኩል ለባለመሬቱ ይሄዳል። የቀረው ሲፈለፈል ስምንት ኩንታል ተኩል ያህል ይሆናል። ቤተሰቡ በዓመት አራት ኩንታል ያህል ቢመገብ በእጁ የሚተርፈው አራት ኩንታል ተኩል ነው። ማዳበሪያ፣ የእጅ ትራክተር ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ፣ ልብስ፣ መድኃኒት፣ የሠርግና የለቅሶ ወጪ ሁሉ የሚሸፈነው ከዚህ ነው።

ከዚህ ስሌት መረዳት እንደሚቻለው የጃቫ ገበሬ ችግር ስንፍና ወይም የምርታማነት ማነስ አይደለም። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስፋት ገብቷል። በ1970ዎቹ ወረንግ የሚባል ተባይ ማሳውን ቢያወድምም፣ አገሪቱ በ1984 በሩዝ ራሷን ችላለች። በ1986 መንግሥት በሩዝ ላይ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒት እንዳይረጭ ከለከለ። በ1989 ደግሞ የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የሚባለው አሠራር ተጀመረ። ገበሬዎች በየሳምንቱ ማሳ ላይ ተሰብስበው ጠቃሚውን ነፍሳት ከጎጂው እየለዩ ራሳቸው እንዲወስኑ አስቻላቸው። ይህ የኤክስቴንሽን ዘዴ በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

ይሁን እንጂ ምርት ሲያድግ ድርሻው ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ቀድሞ የመንደሩ ሴቶች በጣታቸው መካከል በምትያዝ ትንሽ ቢላ ዘለላውን እየቆረጡ ያጭዱ ነበር። ባዎን የሚባል የእህል ድርሻም ያገኙ ነበር። በ1970ዎቹ ተባሳን የሚባለው አሠራር ተስፋፋ። ነጋዴው ሰብሉን ማሳ ላይ እንዳለ ይገዛና ጥቂት ሠራተኞችን በማጭድ ያሳጭዳል። በዚያው ዘመን የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ሲገባ በእጅ በመውቀጥ የሚተዳደሩት ሴቶች ሥራ ቀረ። ባለመሬቱ ወጪ ቀነሰለት፤ መሬት የሌላት ሴት ግን የዓመት ቀለቧን አጣች።

መሬቱ የማን ነው?

የኢንዶኔዥያ መሠረታዊ የመሬት ሕግ የወጣው በ1960 ነው። ሕጉ ለዜጎች ሐክ ሚሊክ የሚባል ሙሉ የባለቤትነት መብት ይሰጣል። ይህ መብት ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ በባንክም መያዣ ይሆናል። የውጭ ዜጋ ሊይዘው አይችልም።

በዚያው ዓመት የወጡት ሌሎች ሕጎችም ለትንሹ ገበሬ የታሰቡ ነበሩ። ሕዝብ በተጨናነቀበት አካባቢ አንድ ቤተሰብ ከአምስት ሄክታር በላይ የሩዝ ማሳ እንዳይዝ ተወሰነ። እያንዳንዱ ገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ሄክታር እንዲኖረው ግብ ተቀመጠ። የእኩልና የሲሶ እርሻ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ለሩዝ ማሳ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲጸና ታዘዘ። በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ደግሞ ሰባት ዓመት ከሞላው ያለ አንዳች ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ ተደነገገ።

ሕጉ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ሌላ ሆነ። ባለመሬቶች መሬታቸውን በዘመድ አዝማድ ስም አከፋፈሉ። መሬት የሌላቸው ገበሬዎች በ1963 እና በ1964 በራሳቸው ኃይል ማሳ መያዝ ሲጀምሩ ግጭቱ በረታ። በ1965 እና በ1966 በተፈጸመው ጭፍጨፋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ መሬት ክፍፍል መናገር ራሱ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሁለት ሄክታር የሚለው ግብም በወረቀት ላይ ቀረ። የእኩል እርሻ ውል እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚደረገው በቃል ነው።

ሌላው መሬቱን የሚያሳንሰው ውርስ ነው። በጃቫ ወንድም ሴትም ልጅ ይወርሳል። አንዳንዱ ቤተሰብ እንደ እስልምናው ሥርዓት ለወንዱ ሁለት፣ ለሴቷ አንድ እጅ ይሰጣል፤ ሌላው እኩል ያካፍላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ሁለት ጥማድ ለአራት ልጆች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1,250 ካሬ ሜትር ነው። በመሆኑም አንዱ ልጅ የወንድም እህቶቹን ድርሻ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ያርሳል፤ ሌሎቹ ወደ ከተማ ይሄዳሉ።

ወረቀቱ

በጃቫ መንደር ብዙ ገበሬ ለረጅም ዘመን በእጁ የነበረው የግብር ወረቀት እንጂ የባለቤትነት ደብተር አልነበረም። የመሬቱ ዝርዝር በመንደሩ ጽሕፈት ቤት ባለ መዝገብ ላይ ይጻፋል። አያት ከሞተ በኋላም በስሙ ተመዝግቦ የቀረ ማሳ ጥቂት አይደለም። ድንበር ሲገፋ ወይም ገንዘብ ያለው ሰው ሲመጣ የክርክሩ መነሻ ይኸው ነው።

መንግሥት ከ2017 ጀምሮ መንደርን ከዳር እስከ ዳር የመመዝገብ ዘመቻ አካሂዷል። ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ ካለው 126 ሚሊዮን ያህል ቁራሽ መሬት ውስጥ ደብተር የነበረው 46 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነበር። በ2021 የወጣው ደንብም በአሮጌው ወረቀት የተያዘ መሬት በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመዘገብ ቀነ ገደብ ሰጠ።

ደብተር ማግኘት ትልቅ እርምጃ ነው። መበለት ከአማች፣ ወላጅ አልባ ልጅ ከአጎት መብቱን ሊያስከብርበት ይችላል። በሌላ በኩል ግን ደብተሩ በባንክ መያዣ ስለሚሆን ገበሬው ሊመልሰው የማይችለውን ብድር ከወሰደ መሬቱን የሚያጣበት መንገድም ያው ደብተር ነው። ደብተር የመሬቱን ስፋት አይጨምርም። የሚያገለግለው ባለቤቱ ሊጠብቀው የሚያስችል ገቢ ሲኖረው ነው።

ከእርሻ ውጭ የሚገኘው ገቢ

ይህ ገቢ ከየት ይመጣል? የጃቫ ትንሽ ገበሬ በእርሻ ብቻ የሚኖር ሰው አይደለም። ጠዋት ማሳ ላይ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ግንበኛ፣ ነጋዴ ወይም በሞተር ብስክሌት ሰው አመላላሽ ነው። ሴት ልጁ በልብስ ወይም በጫማ ፋብሪካ ትቀጠራለች። ከዚህም አልፎ ብዙ ሴቶች በቤት ሠራተኛነት ወደ ማሌዥያ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋንና ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደዋል። በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎችም የዓረብ አገሮች ከኢትዮጵያ ከሄዱት እህቶች ጋር በአንድ ሰፈር ሠርተዋል። ኢንዶኔዥያ በ2011 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚደረገውን ጉዞ አገደች። በ2015 ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ ግለሰቦች ቤት መቀጠርን ከለከለች።

ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ በፖኖሮጎ፣ በብሊታር፣ በኢንድራማዩና በመሳሰሉት አውራጃዎች በዓይን ይታያል። በቀርከሃ ቤት ፈንታ በጡብ የተሠራ ቤት ቆሟል። ልጅ ትምህርቱን ጨርሷል። ጥቂቶችም ማሳ ገዝተዋል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ለአስቀጣሪ ድርጅት ዕዳ ይከፈላል። ልጅ ከአያት ጋር ያድጋል። ገንዘቡ ሁሉ በቤት ግንባታ ካለቀ ደግሞ እናት ስትመለስ የምታገኘው ያማረ ቤት እንጂ የሚያኖር ሥራ አይደለም። እንደገና ለመሄድ የምትገደድ ብዙ ናት።

ከላይ የመጣው ማኅበርና ከታች የበቀለው

ክቡራንና ክቡራት! በዚህ በዓል ላይ ይበልጥ ሊተኮርበት የሚገባው ክፍል ይህ ነው።

የኢንዶኔዥያ ኅብረት ሥራ ታሪክ ጥንታዊና የተከበረ ነው። የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ጉባኤ በምዕራብ ጃቫ በታሲክማላያ ከተማ ሐምሌ 12 ቀን 1947 ተካሂዷል። ዕለቱም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይከበራል። የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ሐታ የኅብረት ሥራ አባት ይባላሉ።

ከ1973 ጀምሮ ግን መንግሥት በየወረዳው የመንደር ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በትእዛዝ አቋቋመ። በምሕጻረ ቃል ካ-ኡ-ዴ ይባሉ ነበር። ማዳበሪያ የሚመጣው፣ ብድር የሚሰጠው፣ ለመንግሥት የእህል ድርጅት ሩዝ የሚገዛው በነሱ በኩል ሆነ። ሕንጻና መጋዘን ነበራቸው። ያልነበራቸው የኔ ነው የሚል አባል ነው። ገበሬው ሊቀመንበሩን በራሱ ፈቃድ አልመረጠም፤ የሒሳቡን መዝገብ አላየም። እናም የማኅበሩን ሦስት ፊደላት ይዞ «ሊቀመንበሩ ቀድሞ ያትርፍ» የሚል ፍቺ ሰጣቸው። ቀልዱ ሕዝብ በምሬት የሰጠው የኦዲት ሪፖርት ነበር።

በ1998 መንግሥት ሲለወጥ የማዳበሪያና የእህል ብቸኛ መብታቸው ተነሳ። በዚያው ሰሞን በጥድፊያ የተሰጠው የእርሻ ብድር አብዛኛው ሳይመለስ ቀረ። ብዙዎቹ ማኅበራት ተዘጉ፤ መጋዘኖቻቸውም ባዶ ቀሩ።

በአንጻሩ ግን በምዕራብ ጃቫ ደጋ በፓንጋለንጋን በ1969፣ በለምባንግ ደግሞ በ1971 የተቋቋሙት የወተት አምራቾች ማኅበራት ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። አባላቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ላሞች ብቻ ያሏቸው ናቸው። ማኅበሩ ወተቱን በየቀኑ ይሰበስባል፣ ጥራቱን ይለካል፣ መኖ ያቀርባል፣ የእንስሳት ሕክምናና የማዳቀል አገልግሎት ይሰጣል። አባሉ ማኅበሩ እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ በየዕለቱ በወተት ዕቃው ያውቀዋል። የወተት አርቢው ኑሮ ግን ከችግር የጸዳ አይደለም። በ2022 የአፍተግር በሽታ በመንጋው ላይ ጉዳት አድርሷል። በኅዳር ወር 2024 ደግሞ ፋብሪካዎች የሚቀበሉትን መጠን ስለቀነሱ በቦዮላሊ አውራጃ አርቢዎች ወተታቸውን በተቃውሞ እስከ ማፍሰስ ደርሰዋል። ጉዳያቸው በአገር ደረጃ የተሰማው ግን በአንድነት በመጮኻቸው ነው።

ከዚህም ዝቅ ብሎ በየመንደሩ አሪሳን የሚባል ነገር አለ። ሴቶች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣ የደረሳት ሁሉንም ትወስዳለች። ዕቁብ ማለት ነው። ቤት ሲሠራ ጎረቤት በጉልበት ይረዳዳል፤ ደቦ ማለት ነው። እነዚህን ማንም በትእዛዝ አላቋቋማቸውም፤ መንግሥት ሲለወጥም አልፈረሱም። ምክንያቱም ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ሁሉም ያውቃል።

ኢንዶኔዥያ በ2025 እንደገና ትልቅ ዘመቻ ጀምራለች። ቀይና ነጭ የሚል ስም የተሰጣቸው ከ80,000 በላይ የመንደር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ሐምሌ 21 ቀን በማዕከላዊ ጃቫ በክላተን አውራጃ ቤንታንጋን መንደር በይፋ ተመርቀዋል። ለእያንዳንዳቸው ከመንግሥት ባንኮች እስከ 3 ቢሊዮን ሩፒያ ብድር እንዲፈቀድ ታስቧል። ዕዳው ካልተከፈለ የመንደሩ በጀት እንዲሸፍን ሆኗል። ስለዚህ የመንደሩ ገበሬ ከካ-ኡ-ዴ ዘመን ያገኘውን ትምህርት ይዞ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መገኘቱ የራሱን ንብረት መጠበቅ ነው።

መሸጥና ከመሸጥ በኋላ

መሬት የሚጠፋበት የመጨረሻው መንገድ ሽያጭ ነው። ከጃካርታ እስከ ሱራባያ ያለው ፈጣን መንገድ በ2018 መጨረሻ ላይ ተገናኝቷል። ፋብሪካና የመኖሪያ ሰፈር የሩዝ ማሳውን ይበላል። የእርሻ መሬትን ከዚህ ለመከላከል በ2009 ሕግ ቢወጣም መቀነሱ አልቆመም።

በ2021 መጀመሪያ ላይ በምሥራቅ ጃቫ በቱባን አውራጃ ሱሙርገነንግ የምትባል መንደር በዓለም ዜና ታወቀች። ለነዳጅ ማጣሪያ መሬታቸውን የሰጡ ገበሬዎች ከፍተኛ ካሣ ተከፈላቸውና ከ170 በላይ አዳዲስ መኪናዎች ገዙ። መኪኖቹ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ መንደሩ ሲገቡ የሚያሳየው ፊልም በየእጅ ስልኩ ተላለፈ። አንድ ዓመት ሳይሞላ በ2022 መግቢያ ላይ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ሥራ ስጡን ብለው ሰልፍ ወጡ። ለቀለብ ከብቶቻቸውን እየሸጡ እንደሚኖሩም ተናገሩ። በእርግጥ በገንዘቡ ሌላ መሬት የገዙም ነበሩ። ልዩነቱ የካሣው መጠን ሳይሆን በገንዘቡ የተገዛው ነገር በየዓመቱ የሚያፈራ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል የጃቫ ገበሬ ጥሪት በሦስት ነገር የቆመ ነው። አንደኛው በስሙ የተመዘገበ ማሳና ጓሮ ነው። ሁለተኛው ማሳውን በክፉ ቀን ከመሸጥ የሚያድን ተጨማሪ ገቢ ነው። ሦስተኛው ምርቱን በደህና ዋጋ የሚሸጥለትና መዝገቡን ከፍቶ ሊያየው የሚችለው ማኅበር ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሁለቱ ይንገዳገዳሉ። ደብተር ኖሮት ገቢ የሌለው ለባንክ አስረከበ። ገቢ ኖሮት የሚያፈራ ነገር ያልገዛ እንደገና ተሰደደ። ማኅበር ኖሮት ያልተቆጣጠረ ባዶ መጋዘን ወረሰ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳው ሰው ስንት ሎሚ እንዳለ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ አባላት ከበዓሉ በኋላ ወደ መሠረታዊ ማኅበራችሁ ስትመለሱ የቁጥጥር ኮሚቴውን ሪፖርት ጠይቁ። የኦዲት ውጤት በጉባኤ ፊት ይነበብ። ከትርፍ ክፍፍል የምታገኙት ገንዘብም በየዓመቱ በሚያፈራ ነገር ላይ ይዋል። የጃቫ ገበሬ ይህን ትምህርት ያገኘው ማኅበሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ የእናንተ ማኅበር ግን ክፍት ነው።

መልካም በዓል!